ትምህርቱን አቋርጦ ቤት የገባ ወጣት፦ መካሪው የማን ነው?

መሻገሪያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ለምትመክሩና ቤተሰብ ለምትደግፉ ነው ይህን ክር የከፈትኩት።

ጉዳዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የ20 ዓመት ልጅ ትምህርቱ አልሆን ብሎት አቋርጦ ቤት ገብቷል። በዚያው ዓመት አባት ሞቷል፣ ወይ ከሥራ ወጥቷል፣ ወይ ከእናት ጋር ተለያይተዋል። ልጁ ሌሊቱን ስልኩ ላይ ያነጋል፣ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ይተኛል። እናት "እባካችሁ አንድ ሰው ይምከርልኝ" ትላለች፣ መካሪ ይመደባል።

ከዚያ የሚሆነውም ይታወቃል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ልጁና መካሪው ደህና ያወራሉ። ማታ እናት ትደውላለች፦ "ምን አለህ? ሊመለስ ነው?" መካሪው ደግ ሰው ስለሆነ ትንሽ ይነግራታል። እሷም ስለምትወደው በማግስቱ ልጇን "የኤሌክትሪክ ሥራ መማር ፈልገህ ኖሯል፣ ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" ትለዋለች። ልጁ በሁለተኛው ቀጠሮ ከ"ደህና ነኝ" ሌላ ቃል አይወጣውም። በሦስተኛው አይመጣም። መዝገቡ ላይ "ተነሳሽነት የለውም" ተብሎ ይጻፋል።

የኔ አቋም፦ መካሪው የልጁ ብቻ ነው። ለቤተሰቡ ሌላ ደጋፊ ይመደብለት። ሁለቱንም አንድ ሰው ከያዛቸው ሥራው ወሬ ማመላለስ ይሆናል። ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል፦ መጀመሪያ መካሪው ከልጁ ጋር ብቻውን 60 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ደጋፊው ከቤተሰቡ ጋር 45 ደቂቃ፣ በመጨረሻ ሁሉም አንድ ላይ 30 ደቂቃ፣ ሦስቱም በ10 ቀን ውስጥ። እናት ከቀደመች መካሪው ልጁ ፊት የሚቀመጠው የክስ ፋይል ይዞ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ለልጁ አንድ ገጽ ይሰጠዋል። ወደ ቤተሰቡ የሚሄደው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ መገናኘታችን፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ፣ የሕይወት አደጋ ካለ። ሌላው ሁሉ በልጁ አፍ ይነገራል።

ይህ አካሄድ የት ላይ እንደሚሰበር ንገሩኝ።

ሁለት_ወንበር፦
የሚሰበረው ስልኩ ላይ ነው። ወረቀት ለእናት ጭንቀት መልስ አይሆንም። መካሪው የሚለውን ቃል አስቀድሞ አፉ ላይ ካላዘጋጀ ተንተባትቦ ይናገራል። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

— ትናንት ምን አወራችሁ?
— ተገናኝተናል፣ ሐሙስም ቀጠሮ ይዘናል። የተባባልነውን እሱ ሲፈልግ ይነግርዎታል። እርስዎ ግን እንዴት ሰነበቱ? እንቅልፍ አለ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። እናት "ምን አለህ" ስትል በአብዛኛው የምትጠይቀው "እኔ ምን ልሁን" ነው። ሦስት ደቂቃ ካዳመጣችኋት በኋላ ወደ ደጋፊዋ ምሯት። ደጋፊዋ ደግሞ በሳምንት አንድ ቋሚ የ15 ደቂቃ ጥሪ ይኑራት፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ረቡዕ 11 ሰዓት። ቀኑ የታወቀ እንደሆነ ሌላው ጥሪ በራሱ ይቀንሳል። "በፈለጉበት ሰዓት ይደውሉ" ማለት ቸርነት ይመስላል፣ ጭንቀቱን ግን ቀኑን ሙሉ ክፍት ያደርገዋል።

የድሮ_ሰው፦
አልስማማም። ልጁ የሚበላው የእናቱን፣ የሚተኛው በእናቱ ቤት ነው። "አንቺ አያገባሽም" የሚል አሠራር ቤተሰብን ይከፍላል። ልጁም መካሪውን መደበቂያ ያደርገዋል፦ ቤት ውስጥ ሲጠየቅ "ከመካሪዬ ጋር ጨርሻለሁ" ይላል፣ መካሪው ጋ ሲደርስ "ቤት ውስጥ ተስማምተናል" ይላል፤ ሁለቱም ውሸት ነው። ዱሮም ቢሆን "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" የተባለው ወላጅም ጎረቤትም በአንድ አፍ ሲናገር ነው።

መሻገሪያ፦
@የድሮ_ሰው መደበቂያ የማድረጉ ነገር እውነት ነው፣ ልክ ብለዋል። ግን መፍትሔው መካሪው ለእናት እንዲናገር ማድረግ አይመስለኝም። የቤተሰብ ሕክምናን ከጀመሩት አንዱ ሙሬይ ቦወን "ሦስት ማዕዘን" ብሎ የጠራው ይህንኑ ነው፦ በሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ይስባሉ፣ ውጥረቱ ለጊዜው ይረግባል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ግን እንዳለ ይቀመጣል። መካሪው ያ ሦስተኛ ሰው ከሆነ እናትና ልጅ እርስ በርስ መነጋገር ያቆማሉ።

ስለዚህ የርስዎን ሐሳብ በቀጠሮ ላስገባው። በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት የጋራ ስብሰባ ይኑር፣ ከ40 ደቂቃ አይለፍ። ልጁ ቀድሞ ከመካሪው ጋር 10 ደቂቃ ይዘጋጃል፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር በወረቀት ይጽፋል፦ ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳቃተው፣ ከቤት ምን እንደሚፈልግ። መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው፣ ከወረቀቱ እያነበበም ቢሆን። መካሪው በመሃል አይተረጉምለትም። ዝም ካለ 10 ሰከንድ ይጠበቅ፤ ለመካሪ ረጅም ነው፣ ለልጁ አይደለም።

ስለ ተረቱ ደግሞ፦ "መከራ ይምከረው" የሚባለው መካሪው ሲደክመው ነው። ከዘዴ አንቆጥረውም።

የሰኞ_ጠዋት፦
ወደ ልጁ እንመለስ፣ ምክንያቱም ስድስቱ የመጀመሪያ ሳምንታት በ"ዓላማህ ምንድን ነው?" ጥያቄ ነው የሚባክኑት። የወደቀ ልጅ ዓላማ ሲጠየቅ የሚሰማው ሁለተኛ ፈተና ነው።

ከእንቅልፍ ጀምሩ። "በጊዜ ተኛ" አይሠራም። ሰው በፈቃዱ የሚቆጣጠረው የሚነሳበትን ሰዓት ነው፣ እንቅልፍ የሚወስደውን ሰዓት አይደለም። መነሻውን በየሦስት ቀኑ 30 ደቂቃ ቀደም አድርጉት። ከቀኑ 7 ሰዓት ወደ ጠዋቱ 3 ሰዓት ለመድረስ አራት ሰዓት ነው፣ ስምንት እርምጃ፣ 24 ቀን። ከተነሳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውጭ ወጥቶ የቀን ብርሃን ያግኝ፣ ደመናም ቢሆን። የሰውነትን ሰዓት የሚገፋው ብርሃኑ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የቀን እንቅልፍ አይተኛ። የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው፦ ቅዳሜና እሑድ እስከ ቀትር ይተኛና የሳምንቱ ልፋት ከንቱ ይቀራል፤ ወይም አንድ ሰው ብርድ ልብስ ገፎ ይቀሰቅሰዋል፣ ከዚያ መነሳት ራሱ ጠብ ይሆናል። የሚቀሰቅሰው ስልኩ ነው፣ ከአልጋው ሦስት እርምጃ ርቆ የተቀመጠ።

ሁለተኛው የእርምጃው መጠን ነው። "ሲቪ ጻፍ" እርምጃ አይደለም፣ ቢያንስ ስድስት እርምጃ ነው። የመጀመሪያው "ፋይል ክፈት፣ ስምህንና ስልክህን ጻፍ፣ ዝጋ" ይሁን። ከዚያ ጠይቁት፦ "ይህን እስከ ሐሙስ እንደምታደርገው ከ0 እስከ 10 ምን ያህል እርግጠኛ ነህ?" ከ7 በታች ካለ እርምጃውን አሳንሱት፣ ልጁን አታበረታቱት። ማበረታታት ቁጥሩን ለጊዜው ወደ 8 ያወጣዋል፣ ሐሙስ ግን ባዶ እጁን ያፍራል።

ሰዓትና ቦታም ይታሰር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ ያብራራው "ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ" የሚለው አቀራረብ ነው፦ "ረቡዕ ቁርስ እንደበላሁ፣ ከጠረጴዛው ሳልነሳ ፋይሉን እከፍታለሁ።" "በሳምንቱ ውስጥ" የሚል እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ የቀጠሮው ዋዜማ ሌሊት ላይ ይወድቃል።

የ0–10 ጥያቄ ሌላም ጥቅም አለው። ትምህርት መቀጠል ምን ያህል እንደሚፈልግ ጠይቃችሁት "4" ካለ "ለምን 10 አልሆነም?" አትበሉት፤ እንቅፋቱን ሁሉ ይዘረዝርና ራሱን ያሳምናል። "ለምን 2 አልሆነም?" በሉት። መልሱን ፍለጋ ሲሄድ የሚያገኘው የራሱን ምክንያት ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ዊሊያም ሚለርና ስቲቨን ሮልኒክ ያዳበሩት የምክር አነጋገር ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፦ ሰው የሚጸናው ከራሱ አፍ በወጣ ምክንያት ነው።

ሁለት_ወንበር፦
የቤቱን ውል ማንም አላነሳውም። እናትና ልጅ አንድ ጣራ ሥር ናቸው፣ መካሪው የሚመጣው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው።

ውሉ ከአምስት ነጥብ አይብለጥ፣ ዕድሜው 4 ሳምንት ይሁን፣ እያንዳንዱ ነጥብ በዓይን የሚታይ ይሁን። "አክብሮት ይኑር" ብሎ መጻፍ ጭቅጭቅን በጽሑፍ ማስፈር ነው፣ ምክንያቱም መከበሩንም መጣሱንም እያንዳንዱ በራሱ ሚዛን ይመዝነዋል። ናሙና፦

"ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ከክፍሉ ይወጣል። በሩ ላይ ቆሞ የሚጠራው የለም።
ማክሰኞና ዓርብ የእራት ዕቃ ያጥባል። ማታ ካልታጠበ ጠዋት ያጥበዋል፣ ንግግር አይደረግበትም።
የኪስ ገንዘብ ሰኞ ሰኞ፣ አንድ ዓይነት መጠን። በመሃል አይጨመርም፣ በቅጣትም አይቀነስም።
ስለ ትምህርት የሚነሳው እሑድ ከ10 ሰዓት እስከ 10፡30 ብቻ ነው።"

አራተኛዋ ነጥብ ትንሽ ትመስላለች፣ ቤቱን የምታስተነፍሰው ግን እሷ ናት። በየማዕዱ "ታዲያ ምን አሰብክ?" የሚባል ልጅ ማዕዱን ነው የሚሸሸው። እናትም ጥያቄዋ ቀን እንዳለው ካወቀች እስከ እሑድ መያዝ ትችላለች። ሌላ ቀን ካመለጣት ልጁ "እሑድ" ብሎ ብቻ ይመልስ፣ ያለ ቁጣ።

ገንዘብ በቅጣት የማይቀነሰው ሆን ተብሎ ነው። አንዴ ከተቀነሰ እያንዳንዱ ሳምንት ድርድር ይሆናል፣ ደጋፊዋም ዳኛ ትሆናለች። መካሪው ደግሞ ለማንም አያበድርም። ተበዳሪ ልጅ አበዳሪውን ይሸሻል፣ መጠኑ ምንም ይሁን።

ነርሷ፦
አባት የሞተበት ቤት ከሆነ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ለቅሶው ገና ሳያበቃ የበኩር ልጅ ትከሻ ላይ "ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ" የሚል ቃል ይጫናል። ማጽናኛ ተብሎ ነው የሚነገረው። ትምህርቱ የሚሰናከለው አንዳንዴ ከዚያች ቃል ጀምሮ ነው። ደጋፊዋ ከእናት ጋር ተቀምጣ አባት ይሠራቸው የነበሩ ነገሮችን አንድ በአንድ ትጻፍ፦ ክፍያ፣ የታናናሾች ትምህርት ቤት ስብሰባ፣ ጥገና፣ ማታ በር መቆለፍ፣ ከዘመድ ጋር የሚደረግ ንግግር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ስም ይሰጠው። ልጁ አንድ ወይ ሁለት ይያዝ፣ የቀረው ለአጎት፣ ለእናት፣ ለጎረቤት። ያልተጻፈ ሸክም ሁሉ የእሱ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛ፣ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ታይቶ "አባቱ የሞተ አይመስልም" ይባላል። የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስቀመጡት፣ ሐዘንተኛ ሰው በሁለት ነገር መካከል ይመላለሳል፦ አንዴ ወደ ሐዘኑ፣ አንዴ ወደ ሕይወቱ ጉዳይ። ጤናማው መመላለሱ ነው። እናት ማታ አልቅሳ ጠዋት ሥራ ትሄድ ይሆናል፤ ልጁ ቀን ስቆ ሌሊት ብቻውን ያለቅስ ይሆናል። ሰዓታቸው ስላልገጠመ እያንዳንዱ ሌላው የረሳ ይመስለዋል። ይህን ለሁለቱም፣ በጋራው ስብሰባ ላይ ንገሯቸው። ለብቻ ለብቻ ሲነገር "ለእሱ ወግነሽ ነው" ይባላል።

መቼ ነው ከመካሪ አቅም የሚያልፈው? የመከፋት ስሜቱ ወይም ለምንም ነገር ደስታ ማጣቱ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ 2 ሳምንት ከዘለቀ፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎት፣ ከጉልበት፣ ከትኩረት ወይም ራስን ከመውቀስ ጋር ከተያያዘ፣ ሐኪም ይየው። የተራዘመ ሐዘን የሚባለውን ምርመራ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ 11ኛ እትም ቢያንስ ከ6 ወር በኋላ ነው የሚፈቅደው፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ለአዋቂ 12 ወር ይጠይቃል። ስለዚህ በሁለተኛው ወር "ሐዘኑ በሽታ ሆኗል" ለማለት አትቸኩሉ። ድብርትን ግን በ2 ሳምንቱ ተመልከቱ።

ራስን ስለማጥፋት በግልጽ ጠይቁ። "እንዲህ ያለ ነገርማ አታስብም፣ አይደል?" የሚለው ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። እንዲህ በሉ፦ "ሰው እንዲህ ሲከብደው አንዳንዴ መሞትን ይመኛል። አንተስ ራስህን ስለማጥፋት አስበሃል?" መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ጥናቶችን አሰባስቦ የገመገመ እ.ኤ.አ. የ2014 ጽሑፍም ጥያቄው ሐሳቡን ሲያባብስ አላገኘም። "አዎ" ካለ ቀጥሉ፦ እንዴት? በምን? መቼ? ያሰበው ነገር እጁ ላይ አለ? ዘዴና ጊዜ ካለው ብቻውን አይተው፣ መድኃኒትና ስለታም ነገር ከአጠገቡ ይራቅ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ቤተሰቡም ይነገራል፣ በገጹ ላይ ያለችው ሦስተኛ ነጥብ ለዚህ ናት። የሚቻል ከሆነ "አብረን እንንገራት" ብላችሁ እሱ ባለበት ንገሯት።

አዲስ_መካሪ፦
አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ዝም ብሎ የማይመጣውን ልጅ ምን ላድርገው? ስልክ አያነሳም። እናቱ ጋ ልደውል?

የሰኞ_ጠዋት፦
እናቱ ጋ አትደውል። "የት ነው ያለው?" ካልካት ወረቀቷ ተቀደደች።

የሚቀረው በአብዛኛው ሐሙስ ያላደረገውን እርምጃ አፍሮ ነው። ስለዚህ መልእክቱ ጥያቄ አይኑረው፣ ጥያቄ ሁሉ ዕዳ ነው። በዚያው ቀን፦ "ዛሬ ሳንገናኝ ቀረን። እርምጃዋ ብትሠራም ባትሠራም ለውጥ የለውም። ሐሙስ 9 ሰዓት እዚያው ነኝ።" ከዚያ ዝም በል። ሐሙስ ዕለት ሄደህ 20 ደቂቃ ጠብቅ፣ እንደማይመጣ ብታውቅም። "ነበርኩ። የሚቀጥለውም ሐሙስ አለሁ" ብለህ ላክ። ሦስት መልእክት በ15 ቀን፣ ከዚያ በላይ ማሳደድ ነው። አራተኛው በር ክፍት መሆኑንና እስከ መቼ ድረስ እንደሆነ፣ ከቀኑ ጋር፣ ይንገረው።

ሲመለስ ደግሞ "የት ጠፋህ?" አትበለው። ፊት ለፊት ከመቀመጥ ጎን ለጎን መራመድ ይሻላል፣ 25 ደቂቃ ይበቃል። ዓይን ለዓይን ሳይተያይ የሚናገር ልጅ ብዙ ነው። የቀጠሮው የመጀመሪያ 5 ደቂቃ ስለ እርምጃው አይነሳ።

የድሮ_ሰው፦
ጥሩ ነው፣ ግን መካሪዎቹ ራሳቸው አይጠፉም እንዴ? ሁለት ወር አጫውተውት "ሥራ በዛብኝ" ይሉና ይቀራሉ። ልጁ አንድ ሰው ማጣቱ አንሶት ሌላ ያጣል።

መሻገሪያ፦
እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ የመካሪና የታዳጊ ግንኙነት የበለጠ እንደጠቀመ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የተቋረጠው ደግሞ ታዳጊዎቹ ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት እንዳወረደ አሳይቷል። ጥናቱ በለጋ ታዳጊዎች ላይ ነው፣ ለ20 ዓመት ልጅ እንዳለ አይወሰድም። አቅጣጫው ግን ይታመናል።

ስለዚህ 12 ወር የማይችል ሰው አይጀምር። ስሌቱ ይህን ያህል ነው፦ የመጀመሪያዎቹን 13 ሳምንታት በየሳምንቱ፣ ከ4ኛው እስከ 9ኛው ወር በየ15 ቀኑ፣ ከዚያ በወር አንዴ። በጠቅላላ 29 ቀጠሮ ገደማ ይሆናል። ከጎኑ ሌላ ሥራ ያለው መካሪ ከሦስት ልጅ በላይ አይያዝ። የሚያበቃበት ቀን ከ6 ሳምንት በፊት ይነገር፣ በመጨረሻው ቀጠሮ ላይ አይሁን። መካሪው የግድ መቅረት ካለበት ተተኪውን ራሱ ይዞ አንድ ቀጠሮ ላይ ሦስቱም ይቀመጡ። በስልክ "ሌላ ሰው ይደውልልሃል" ማለት አይበቃም።

አዲስ_መካሪ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ያቺ የመጀመሪያ ቀን ገጽ ፊርማ ያስፈልጋታል?

ሁለት_ወንበር፦
አያስፈልጋትም። ፊርማ ከተገባባት የፍርድ ቤት ወረቀት ትመስላለች። ጮክ ብለህ አንብብለት፣ አንዷን ቅጂ ስጠው፣ እስክሪብቶም ስጠውና ያልጣመውን ቃል ይሰርዝ። ከሕይወት አደጋዋ ነጥብ በቀር የሚሰርዘው ይሰረዛል። አንድ መስመር የሰረዘባትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ያስገባታል፤ ያልነካትን ወንበሩ ላይ ትቷት ይሄዳል።